ጃቫስክሪፕትን ማብራትና ማጥፋት፦ ማጥፊያው አለ፣ በሩ ግን እየተዘጋ ነው

በጃንዋሪ 2025 ጎግል ጃቫስክሪፕት (በድረ ገጾች ውስጥ የሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ) ለጠፋበት ብሮውዘር የፍለጋ ውጤት ማሳየቱን አቆመ። እስከዚያ ድረስ ጃቫስክሪፕትን ያጠፋ ሰው ቀለል ያለና ያልተሸለመ የውጤት ዝርዝር ያገኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚጠብቀው ፍለጋውን ለመቀጠል ጃቫስክሪፕትን እንዲያበራ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ብቻ ሆነ። ኩባንያው እርምጃውን የወሰደው ገጹን ከማሽን ከሚመጣ የጥያቄ ጎርፍና ከአላስፈላጊ መልእክት ለመከላከል እንደሆነ አስረድቷል፤ ጃቫስክሪፕትን አጥፍተው የሚፈልጉ ሰዎች ድርሻም በአማካይ ከጠቅላላው ፍለጋ ከ0.1 በመቶ በታች እንደሆነ ገልጿል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ0.1 በመቶ በታች ሲባል ጉዳዩ ኢምንት ይመስላል። ይሁንና ያው ኩባንያ በዚያው ዓመት መፈለጊያው በዓመት ከ5 ትሪሊዮን በላይ ፍለጋ እንደሚያስተናግድ ስላስታወቀ፣ ከሺህ አንድ እጁ 5 ቢሊዮን መሆኑን ማስላት አይከብድም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ የውሳኔው አቅጣጫ ነው። ትዊተር ያለ ጃቫስክሪፕት ይሠራ የነበረውን አሮጌ ገጹን በዲሴምበር 2020 ዘጋ። ጂሜይል ለደካማ ኔትወርክና ለአሮጌ ብሮውዘር ያቆየውን ቀላሉን የኤችቲኤምኤል ገጽ በ2024 መጀመሪያ አስቀረ። መፈለጊያው ደግሞ ከዓመት በኋላ ተከተለ። የጃቫስክሪፕት ማጥፊያው በአብዛኞቹ ብሮውዘሮች ውስጥ ዛሬም አለ፤ የፈለገ ሰው ሊነካው ይችላል፤ ካጠፋው በኋላ የሚገባባቸው በሮች ግን አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። ስለዚህም «ጃቫስክሪፕትን ላጥፋ ወይስ ላብራ?» የሚለው ጥያቄ፣ ማጥፊያው የት እንዳለ ከማሳየት ያለፈ መልስ ይፈልጋል።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። አንድ ገጽ ሲከፈት ከሰርቨሩ (ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) የሚመጣው በዋናነት ሦስት ዓይነት ነገር ነው። ኤችቲኤምኤል ጽሑፉንና አወቃቀሩን ይይዛል፤ ሲኤስኤስ ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነትና አቀማመጡን ይወስናል፤ ጃቫስክሪፕት ግን በአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሁለቱ ገጹ ምን እንደሚመስል ሲናገሩ ሦስተኛው ምን እንደሚደረግ ያዛል፦ ቁልፍ ሲነካ ዝርዝር ይዘረጋል፣ ቅጽ ከመላኩ በፊት ስልክ ቁጥሩ መጉደሉን ያያል፣ ገጹ ሳይታደስ አዲስ መልእክት ያመጣል፤ እንዲሁም አንባቢው ሳያውቀው ምን እንደነካና የት ላይ እንደቆየ ለሌላ ድርጅት ይልካል። ማጥፊያው ሲጠፋ ብሮውዘሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንደ ወትሮው ያሳያል፤ ስክሪፕቱን ግን አያሠራም፣ በአብዛኛውም ከሰርቨሩ አያወርደውም። የገጹ ሠሪ አስቀድሞ አስቦበት ከሆነ በስክሪፕቱ ምትክ የሚታይ አማራጭ ጽሑፍ በኮዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ካላሰበበት አንባቢው የሚያየው ባዶ ነጭ ገጽ ወይም መዞሩን የማያቆም ክብ ይሆናል።

ቋንቋውን በሜይ 1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ውስጥ የጻፈው ብሬንዳን አይክ ነው። መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ተባለ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከሰን ማይክሮሲስተምስ ጋር በተደረገ ስምምነት ጃቫስክሪፕት የሚለውን ስም ያገኘው ጃቫ የተባለው ሌላ ቋንቋ በወቅቱ ገናና ስለነበረ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ይህ የገበያ ስም ያመጣው ግራ መጋባት እስከ ዛሬ አልጠራም፤ «ጃቫ አውርድ» የሚል ማስታወቂያ ነክቶ ኮምፒውተሩን በቫይረስ ያስበላ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። ገጽ እንዲሠራ ተብሎ ለጃቫስክሪፕት የሚወርድ ምንም ነገር የለም፤ በብሮውዘሩ ውስጥ አብሮ የመጣ ነው።

ለረጅም ጊዜ ማብራትና ማጥፋቱ በግልጽ የሚታይ ተራ ምርጫ ነበር። በፋየርፎክስ ዋና ሴቲንግ ውስጥ ትንሽ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ነበረች፤ በኦገስት 2013 በወጣው 23ኛው ቅጂ ከዚያ ተነሣች። መከራከሪያው ቀላል ነበር፦ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይነካታል፣ ከዚያ የሚከፍተው ገጽ ሁሉ ይበላሽበታል፣ በመጨረሻም ብሮውዘሩ ተበላሸ ብሎ ይተወዋል። በበኩሌ ክርክሩ እውነት እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ያ ሳጥን ከዓይን ሲሰወር፣ ገጽ የሚሠሩ ሰዎችም ያለ ስክሪፕት የሚመጣ አንባቢ እንዳለ ለማሰብ ምክንያት አጡ።

ማጥፊያው አሁን የሚገኝበት ቦታ እንደ ብሮውዘሩ ይለያያል። በኮምፒውተር ላይ ባለ ክሮም ከቀኝ ጥግ ሦስቱን ነጥቦች ነክቶ ወደ ቅንብሮች፣ ከዚያ ግላዊነት እና ደህንነት ወደሚለው ክፍል፣ ከዚያም ወደ የጣቢያ ቅንብሮች ሲገባ ጃቫስክሪፕት የሚል መስመር ይገኛል። በአንድሮይድ ስልክ መንገዱ አጠር ይላል፤ ከሦስቱ ነጥቦች ወደ ቅንብሮች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ የጣቢያ ቅንብሮች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ትልቁን ማጥፊያ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከሥሩ ያለው ዝርዝር ነው። ለሁሉም ፈቅዶ አንድ አስቸጋሪ ጣቢያን ብቻ መከልከል፣ ወይም በተቃራኒው ለሁሉም ከልክሎ ባንክንና ኢሜይልን ብቻ መፍቀድ ይቻላል። በኮምፒውተር ላይ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ትንሽ ምልክት ነክቶ በዚያው በተከፈተው ጣቢያ ላይ ብቻ መወሰንም ይቻላል። ኤጅና ብሬቭ የተሠሩት ክሮም በተሠራበት በክሮሚየም መሠረት ላይ ስለሆነ፣ የምናሌው ስም ቢለያይም አሠራሩ ይኸው ነው፤ ብሬቭ በተጨማሪ የአንበሳ ምልክቱ ሲነካ በሚወጣው ሠሌዳ ላይ የአንድን ጣቢያ ስክሪፕት የማገጃ ምርጫ አስቀምጧል።

ፋየርፎክስ በአንጻሩ ማጥፊያውን በተራው ሴቲንግ ውስጥ አያሳይም። በአድራሻ መጻፊያው ላይ «አባውት» እና «ኮንፊግ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በሁለት ነጥብ አያይዞ የጻፈ፣ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ያለፈና «ጃቫስክሪፕት ኢኔብልድ» የሚለውን መስመር በእንግሊዝኛ የፈለገ ሰው ከእውነት ወደ ሐሰት ሊለውጠው ይችላል። ይህ ሁሉንም ጣቢያ በአንድ ጊዜ የሚመታ ነው፤ በየጣቢያው ለመለየት የሚሻ ሰው ጆርጆ ማዎኔ ከ2005 ጀምሮ የሚያዘጋጀውን ኖስክሪፕት፣ ወይም ሬይመንድ ሂል በ2014 ያወጣውን ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለ ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) መጫን ይኖርበታል። የፋየርፎክስ ትልቁ ጥቅም ሁለቱም ተጨማሪዎች በአንድሮይድ ስልክ ላይ መሥራታቸው ነው፤ የስልክ ክሮም ተጨማሪ አይቀበልም፣ የኮምፒውተሩ ክሮም ደግሞ በቅርብ ዓመታት የተጨማሪዎቹን ደንብ ለውጦ የዩብሎክን ሙሉ ቅጂ ከማሠራት ወጥቷል።

በአፕል በኩል በአይፎን ላይ ያለው የሳፋሪ ማጥፊያ ከብሮውዘሩ ውጪ፣ በስልኩ ዋና ሴቲንግ ሳፋሪ በሚለው ሥር፣ የላቀ ከሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ከ18ኛው የአይኦኤስ ቅጂ ወዲህ ሳፋሪን ለማግኘት መጀመሪያ አፕሊኬሽኖች ወደሚለው ዝርዝር መግባት ያስፈልጋል። ለየጣቢያው የሚለይ ዝርዝር የለውም፤ ወይ ሁሉም ይበራል ወይ ሁሉም ይጠፋል። በአይፎን ላይ ያለው ክሮም ደግሞ ከነጭራሹ ይህ ማጥፊያ የለውም። ምክንያቱም አፕል ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ውጪ በአይፎን ላይ ያለ ብሮውዘር ሁሉ የአፕልን የገጽ ማሳያ ሞተር፣ ዌብኪትን፣ እንዲጠቀም ስለሚያስገድድ፣ በአንድሮይድ ክሮም ያወቅነው ምናሌ እዚያ አይገኝም። ስልክ የቀየረ ሰው ማጥፊያውን ሲፈልግ ውሎ የማያገኘው ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየው የተጠቃሚውን ማንነት ለመደበቅ የተሠራው ቶር ብሮውዘር ነው። እሱ ጥያቄውን በማብራትና በማጥፋት አላቆመም፤ ሦስት የደህንነት ደረጃ አበጀ። የመጀመሪያው ሁሉንም ይፈቅዳል፤ መካከለኛው በኤችቲቲፒኤስ ያልተመሰጠሩ ጣቢያዎችን ስክሪፕት ያግዳል፤ ከፍተኛው በሁሉም ጣቢያ ላይ ያጠፋል። ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። በኦገስት 2013 በቶር የሚጠቀሙ ሰዎችን ማንነት ለማጋለጥ የዋለው ጥቃት፣ ቶር ብሮውዘር በተመሠረተበት የፋየርፎክስ ክፍተት ውስጥ በጃቫስክሪፕት የገባ ነበር፤ ከጀርባውም የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንደነበረ በኋላ ታውቋል። በዚያን ዕለት ስክሪፕት ያጠፋ ሰው አልተነካም።

እንግዲህ ሰው ለምን ያጠፋል? ደህንነት አንዱ ምክንያት ነው፤ ማስረጃውም የሚታይ ነው። በ2018 በብሪቲሽ ኤርዌይስ የክፍያ ገጽ ላይ 22 መስመር ብቻ የሆነ ስክሪፕት ተሰክቶ ደንበኞች የሚጽፉትን የካርድ ቁጥር እየገለበጠ ወደ ሌላ ቦታ ይልክ ነበር፤ የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም በ2020 አየር መንገዱን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል። ከዚያ ይልቅ የሚያስደነግጠው የ2024ቱ የፖሊፊል ጉዳይ ነው። ፖሊፊል አሮጌ ብሮውዘሮች አዳዲስ ተግባራትን እንዲያከናውኑ የሚያግዝ ነጻ ስክሪፕት ሲሆን፣ ከ100 ሺህ በላይ ጣቢያዎች ከአንድ አድራሻ በቀጥታ እያመጡ ይጠቀሙበት ነበር። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ አድራሻው ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ በጁን ደግሞ ከዚያው አድራሻ የሚመጣው ስክሪፕት የስልክ ተጠቃሚዎችን ወደ አጭበርባሪ ገጾች መምራት ጀመረ። የጣቢያዎቹ ባለቤቶች አንድም መስመር አልቀየሩም፤ አንባቢዎቹም የሚያምኑትን ጣቢያ እንጂ ሌላ አልከፈቱም። ስክሪፕት ማሠራት ማለት የከፈቱትን ጣቢያ ብቻ ማመን እንዳልሆነ፣ ያ ጣቢያ የጠራቸውን ሁሉ፣ እነርሱም የጠሯቸውን ጭምር ወደ ቤት ማስገባት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የዳታና የስልክ አቅም ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማን ይህ ይመስለኛል። ኤችቲቲፒ አርካይቭ የተባለው ፕሮጀክት በ2024 በለካቸው የስልክ ገጾች መካከለኛው ገጽ ከ500 ኪሎባይት በላይ ጃቫስክሪፕት ይጭናል። በ100 ሜጋባይት ጥቅል ሲታሰብ፣ 200 አዳዲስ ገጾች ምስልም ቪዲዮም ሳይቆጠር በስክሪፕት ብቻ ጥቅሉን ጨርሰውታል ማለት ነው፤ አንድን ጣቢያ ደጋግሞ የሚከፍት ሰው ግን ቀድሞ የወረደው በስልኩ ውስጥ ስለሚቀመጥለት ወጪው ይቀንስለታል። ሆኖም ጉዳዩ ዳታ ብቻ አይደለም። 200 ኪሎባይት ፎቶ ከወረደ በኋላ ተፈትቶ ይታያል፣ አለቀ። 200 ኪሎባይት ስክሪፕት ግን ከወረደ በኋላ መነበብ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎምና መሠራት አለበት፤ ይህም በአብዛኛው የሚካሄደው ጣት ሲነካው ገጹን በሚያንቀሳቅሰው በዚያው የሥራ መስመር ላይ ነው። ውድ ስልክ በቅጽበት የሚያልፈው ሥራ በርካሽ ስልክ ላይ ሰከንዶች ይፈጃል፤ ገጹ ወጥቶ እየታየ ሲነካ አልሰማ የሚለው፣ ስልኩም የሚግለው በዚህ ነው። በ2017 ኮይንሃይቭ የተባለ አገልግሎት በገጾች ውስጥ ተደብቆ የጎብኚውን ፕሮሰሰር ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ሲጠቀምበት፣ ያደረገው ይህንኑ አቅም መቀማት ነበር፤ በማርች 2019 ተዘጋ።

በዚህ ላይ ከ15 ዓመት በፊት በትንሽ ቁልፋም ስልክ ዜና ያነበበ ሰው ኦፔራ ሚኒን አይረሳውም። እሱ ችግሩን በሌላ መንገድ ነበር የፈታው፤ ገጹን የሚከፍተውና ስክሪፕቱን ለአጭር ጊዜ የሚያሠራው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ሲሆን፣ ወደ ስልኩ የሚደርሰው ተጨምቆ ያለቀው ውጤት ብቻ ነው። «ኤክስትሪም» በሚባለው የቁጠባ አሠራሩ ዛሬም እንዲሁ ነው። ዋጋው ግን መታወቅ አለበት፦ ሰርቨሩ ገጹን ለመጭመቅ ምስጢሩን መፍታት ስላለበት፣ በስልኩና በጣቢያው መካከል ሦስተኛ ወገን ገብቷል። ለዜና ምንም አይደለም፤ ለባንክ ግን አልመክረውም።

ስክሪፕትን ያጠፋ ሰው ከምን እንደማይድን መናገርም ተገቢ ነው፤ ማጥፋቱን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። በካናዳ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የጥናት ቡድን በዲሴምበር 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደሆኑ አጋልጧል። አካሄዱ ረቂቅ አልነበረም። በኢሜይል የሚመጣ ሊንክ የቪዲዮ ጣቢያ ወደሚመስል ገጽ ይወስዳል፤ ገጹም ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽ እንዲታደስ ይጠይቃል፤ የሚወርደው ፋይል ሰላዩን በውስጡ የያዘ ነው። ከእንዲህ ያለው ወጥመድ ለመዳን ጃቫስክሪፕትን ማጥፋት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ፋይሉን አውርዶ የከፈተው የሰው እጅ ነውና። ክትትልም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይቆምም፦ ኩኪ (ጣቢያው ጎብኚውን ለማስታወስ በብሮውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) በስክሪፕት ብቻ አይተከልም፣ አይፒ የሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ በእያንዳንዱ ጥያቄ ይሄዳል፣ ለዓይን የማትታይ አንዲት ነጥብ የምታክል ምስልም ጎብኚ መምጣቱን ትናገራለች። እንዲያውም ስክሪፕት የሚያጠፋው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ማጥፋቱ ራሱ ከብዙኃኑ የሚለይ ምልክት ይሆንበታል። የቶር ሰዎች ሁሉንም ተጠቃሚ በተመሳሳይ ደረጃዎች ውስጥ የሚያስቀምጡት አንዱ ይህን አስበው ነው።

የሚበላሸውስ? በአማርኛ ዜናና መጣጥፍ የሚያትሙ ጣቢያዎች ጽሑፉ ከሰርቨር ተዘጋጅቶ በሚመጣበት እንደ ዎርድፕሬስ ባለ አሠራር የተሠሩ ሲሆኑ ያለ ስክሪፕት በደንብ ይነበባሉ፤ ማስታወቂያውና ፊት ለፊት የሚደቀነው መስኮት ስለሚቀሩ እንዲያውም ይፈጥናሉ። ፎቶዎቻቸው ግን አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ በስክሪፕት እንዲመጡ ከተደረገ ግራጫ ሳጥን ሆነው ይቀራሉ። ዊኪፒዲያ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው፤ የአማርኛውም ገጽ ያለ ጃቫስክሪፕት ይነበባል፣ ጽሑፉም ይታረማል። የሚቀረው በገጹ ውስጥ በእንግሊዝኛ ቁልፍ ፊደል እየጻፉ ግዕዝ የሚያወጡበት የመጻፊያ ዘዴ ነው፤ እሱ በጃቫስክሪፕት የተሠራ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ይህ በየድረ ገጹ ላይ ያሉ የአማርኛ መጻፊያዎችን ሁሉ የሚመለከት ነው። በሰው ኮምፒውተር፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሥራ ቦታ ግዕዝ ያልተጫነበት ማሽን ላይ በገጽ ውስጥ በሚሠራ መጻፊያ ለሚተማመን ሰው፣ ማጥፋት ማለት ከራሱ ፊደል መለየት ነው። የፊደሉ መልክም ሊነካ ይችላል፦ በሲኤስኤስ የሚመጣ የግዕዝ ፎንት በብሮውዘሩ ማጥፊያ ባይታገድም፣ ኖስክሪፕት ግን ላልታመኑ ጣቢያዎች ከስክሪፕቱ ጋር ፎንቱንም ስለሚከለክል፣ ግዕዝ በሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ የሳጥን ሰልፍ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ጣቢያውን ይወቅሳል።

እስካሁን ያወራሁት በፈቃዱ ስላጠፋ ሰው ነው። ይሁንና ጃቫስክሪፕት ያልደረሰው ሰው ሁሉ አጥፍቶት አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ክፍል በ2013 በዋናው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ከ500 ሺህ በላይ ጉብኝቶችን ቆጥሮ ነበር። 1.1 በመቶ የሚሆኑት ስክሪፕቱ አልሠራላቸውም። ስክሪፕት ያጠፉ ወይም ብሮውዘራቸው የማይችል ሰዎች ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት 0.9 በመቶ ስክሪፕቱ በርቶላቸው ሳለ ያልደረሳቸው ናቸው። ኔትወርክ መሃል ላይ ተቋርጦ፣ የመሥሪያ ቤት ማጣሪያ አግዶት፣ ወይም ሌላ ስክሪፕት ቀድሞ ተሰናክሎ መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሆነው ኔትወርኩ በተሻለበት አገር ነው። በየቀኑ መስመር የሚቆራረጥበት ከተማ ላይ ያለ አንባቢ ከዚያ የተሻለ ዕድል እንደማይገጥመው ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

የአሮጌ ስልክ ጉዳይም እዚሁ ላይ ይገባል። ክሮም ከ120ኛው ቅጂው ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 መጨረሻ ወዲህ፣ በአንድሮይድ 7 ላይ አይታደስም። ቋንቋው ግን በየዓመቱ አዲስ አጻጻፍ ይጨምራል፤ ያንን አጻጻፍ የማያውቅ ብሮውዘር ደግሞ የማያውቀውን መስመር ዘሎ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ ፋይሉን በሙሉ ይጥለዋል። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ያላወቁትን እያለፉ ያወቁትን ያሳያሉ፤ ጃቫስክሪፕት ይህ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ገጹ «ጃቫስክሪፕትን ያብሩ» ሲል ወይም ዝም ያለ ነጭ ሆኖ ሲቀር፣ ባለስልኩ ሴቲንግ ገብቶ ቢያይ በርቶ ያገኘዋል። አንድ በባሕረ ሰላጤ አገር የምትኖር ዘመዴ ለቀጠሮ ቅጽ ስትሞላ የገጠማት ይህ ነበር። ለሁለት ቀን ከሴቲንግ ጋር ስትታገል ቆይታ በሰው ስልክ ስትሞክረው በአምስት ደቂቃ አለቀ። ስልኳን እንጂ ሴቲንጓን መቀየር አልነበረባትም፤ ይህን ግን መልእክቱ አልነገራትም፣ ገጹን የሠራው ሰውም አላሰበውም።

ሙሉ በሙሉ ከማብራትና ከማጥፋት መሃል ያለው መንገድ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየሰፋ መምጣቱ ደስ ይላል። በጃንዋሪ 2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰሮች ክፍተት ሲገለጽ በጃቫስክሪፕትም ሊበዘበዝ እንደሚችል ታይቶ ነበር፤ ብሮውዘሮች ያኔ የወሰዱት እርምጃ ስክሪፕትን ማጥፋት ሳይሆን፣ ስክሪፕቱ ጊዜን በጥቃቅን ክፍልፋይ መለካት እንዳይችል ሰዓቱን ማደንዘዝ ነበር። አፕል በ2022 በ16ኛው አይኦኤስ ያመጣው የመቆለፊያ ሁነታ፣ የማይክሮሶፍት ኤጅም የተጠናከረ ደህንነት የሚለው ምርጫ፣ ጃቫስክሪፕቱን ትተው እሱን በሩጫ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ክፍል ያጠፋሉ። የአጥቂዎች መግቢያ ከሆኑት ክፍተቶች ብዙዎቹ የሚገኙት በዚህ ተርጓሚ ውስጥ ስለሆነ፣ ገጹ ትንሽ ዘገም ቢልም ይሠራል፤ የጥቃቱ መንገድ ግን ይጠብባል። ለጋዜጠኛና ለመብት ተሟጋች ይህ ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ይልቅ ዘላቂ ነው እላለሁ፤ ሁሉንም ያጠፋ ሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተሰላችቶ ሁሉንም መልሶ ያበራዋልና።

ለተራው አንባቢም ምክሬ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባንክ፣ ኢሜይል፣ የመንግሥት ቅጽና የሥራ ማመልከቻ እንደበሩ ይቆዩ። ለንባብ ብቻ የሚከፈቱና በማስታወቂያ የሚያስጨንቁ ጣቢያዎችን በክሮም ዝርዝር ውስጥ በስም መከልከል፣ ወይም በስልክ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክን መጫን፣ ከአብዛኛው ሸክም ያሳርፋል። ከወር በኋላ አንድ ገጽ አልከፍት ሲል ግን መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ዝርዝር መሆን አለበት፤ የራሱን እገዳ ረስቶ የኔትወርክ አቅራቢውን የሚራገም ሰው ጥቂት አይደለም፣ እኔም አንዱ ነበርኩ።

የሚቀረው የገጽ ሠሪዎች ድርሻ ነው፤ በእኔ እይታ ዋናው ሸክም የእነርሱ ነው። ካርታ፣ የቪዲዮ ውይይት ወይም የጋራ ሰነድ ያለ ጃቫስክሪፕት ይሥራ ብሎ መጠየቅ ምክንያታዊ አይደለም። የሆስፒታል ስልክ ቁጥር፣ የፈተና ውጤት ማስታወቂያ፣ የፓስፖርት መስፈርት ዝርዝርና የአንድ ገጽ ማመልከቻ ግን ጽሑፍና ቅጽ ናቸው፤ ኤችቲኤምኤል ለእነርሱ ከጃቫስክሪፕት በፊትም ይበቃ ነበር። ቅጽ ያለ አንዲት የስክሪፕት መስመር ይሞላል፣ ወደ ሰርቨርም ይላካል፤ ስክሪፕቱ የሚመጣው ስሕተትን ቶሎ ለመጠቆምና ሥራውን ለማፋጠን ነው። አንድ ሠሪ ይህን ለማየት ከአምስት ደቂቃ በላይ አያስፈልገውም፦ በክሮም የገንቢዎችን መሣሪያ ይክፈት፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ፒ» የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ጃቫስክሪፕትን የሚያሰናክለውን ትእዛዝ ይምረጥ፣ ገጹን ያድስ። ስልክ ቁጥሩ ይታያል? ቅጹ ይላካል? ካልሆነስ በነጩ ገጽ ላይ ቢያንስ የቢሮው አድራሻና ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት በአማርኛ ተጽፏል?